ሙሽራው አብሮ አይመጣም

ቅዳሜ ማለዳ ሳዶቅን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የስልኩ ንዝረት ነበር። መልእክቱ ከፅጌረዳ ነው፤ ሦስት ቃል ብቻ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም አይገባውም። ለሳዶቅ ግን ሙሉ ደብዳቤ ነበር። ሐሙስ ዕለት ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ በር ላይ አውቶቡሷን እየጠበቀች፣ ዓይን ዓይኑን ማየት ትታ መንገዱን እያየች የነገረችውን ነው የሚያስታውሰው። «እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገረኝ። ወይ ሽማግሌ ትልካለህ፣ ወይ በሰላም እንለያያለን። በየካፌው ጥግ ተደብቄ ማርጀት አልፈልግም።»

ሽማግሌ መላኩን ጠልቶ አልነበረም። የፈራው «አይሆንም» የሚለውን ቃል ነው፤ አንዴ ከተነገረ የሚመለስ አይመስለውም ነበር። የፅጌረዳ እናት ወይዘሮ እታለማሁ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። የሳዶቅ አባት ደግሞ የአንድ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ናቸው። የሳዶቅ ስም በዚያ ቤት የተነሣ ዕለት ወይዘሮ እታለማሁ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። «ባፈና ይሙት፣ የፓስተር ልጅ በዚህ በር አይገባም!» ባፈና ደሴ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓቸው። በእሳቸው ስም የተማለ ነገር በዚያ ቤት ፈርሶ አያውቅም።

ሳዶቅ አልተቀየማቸውም። የገዛ እናቱም ስለ ፅጌረዳ የሰሙ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት «ጌታን ተቀብላለች ወይ?» ብለው ነበር።

ከፅጌረዳ ጋር የተዋወቁት በሞት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰሜን ለንደኑ እድር ኦርቶዶክሱንም ሙስሊሙንም ጴንጤውንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ችግሩ መርዶ ነበር። ዘመዱ አገር ቤት የሞተበት ሰው በስልክ አይነገረውም፤ ሰዎች ማልደው በሩን ያንኳኳሉ፣ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይነግሩታል። በዚህ ሰፊ ከተማ ግን ማን የት እንደሚኖር፣ ለማን ማን እንደሚቀርብ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ኮምፒውተር የተማረው ሳዶቅ ለእድሩ የስልክ አፕ ሊሠራ ቃል ገባ። የአባላቱን ቤት እየዞረ የሚመዘግብ ፈቃደኛ ሲጠየቅ እጇን ያወጣችው ፅጌረዳ ነበረች።

ሥራው ቀላል ነው። እሷ በአባሉ በር ላይ ቆማ ስልኳን ትነካለች፤ ስልኩ ያለችበትን ቦታ በሁለት ቁጥሮች ይይዛል፤ ቁጥሮቹ ሳዶቅ ዘንድ ሲደርሱ ካርታው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትበራለች። ሐዘን የደረሰ ቀን አፑ ከተማዋን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ የሐዘንተኛውን ቤት የያዘውንና ዙሪያውን ያሉትን ብቻ ይፈትሻል። ከዚያ በቅርብ ያሉትን አባላት ይጠራል፤ ሐዘንተኛውንና አብሮት የሚኖረውን ግን ይዘልላል።

ሳዶቅ ፅጌረዳን የወደዳት በነጥቦቿ ነው። ከእያንዳንዷ ነጥብ ጋር ሳትጠየቅ አንድ ነገር ትጽፍ ነበር። «የዚህ ቤት ደረጃ ያደክማል፤ ጉልበት ያለው ሰው ላኩ።» «እኚህ እናት ጆሯቸው ይከብዳል፤ ደወሉን ደጋግሙ።» «እዚህ ቤት ውሻ አለ፤ ከእኔ በስተቀር ማንንም አልነከሰም።» እያነበበ ብቻውን ይስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ ወደ ናፍቆት ተለወጠ፤ ነጥብ ያልመጣችበት ቀን ጎዶሎ ሆነበት።

እነ ፅጌረዳ ወደ ሆሎዌይ ቤት በቀየሩ ሰሞን አንድ እሑድ ከሰዓት አብረው ግሪኒች ሄዱ። የዓለምን ምሥራቅና ምዕራብ በሚለየው፣ መሬት ላይ በተሰመረው መስመር ግራና ቀኝ ቆሙ፤ እሱ በምሥራቅ፣ እሷ በምዕራብ።

«በእኔ በኩል ያለ ቤት የቦታ ቁጥሩ ያለ ምልክት ይጻፋል» አላት። «በአንቺ በኩል ያለው ግን ከፊቱ አጭር ጭረት አለችው፤ የመቀነስ ምልክት።»

«ምነው እኛ ብቻ ተቀናሽ ሆንን?»

ስልኩን አውጥቶ የአዲሱን ቤታቸውን ቁጥርና ወላጆቹ የሚኖሩበትን የጉድሜይስን ቁጥር አሳያት። ጭረቷ ባትኖር ሁለቱ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። «ለንደንን በዚህ መስመር ላይ እንደ ወረቀት ብናጥፋት፣ ቤታችሁ እኛ ሰፈር ላይ ያርፋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እጠፋት!» አለችና መስመሩን ተሻግራ አጠገቡ ቆመች። ያን ቀን ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነበር።

*

አሁን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ለሦስቱ ቃላት መልስ ሲፈልግ ስልኩ ጮኸ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አኑዋር ናቸው።

«ሳዶቅ፣ ልጄ፣ አስነሣሁህ?»

«ተነሥቻለሁ ጋሼ። ሰላም ነው?»

«ሰላምስ አይደለም። መርዶ ይዘን ወጥተን ይኼ ማፕህ ሜዳ ላይ ጣለን። እዚሁ ነው ይላል፤ ቤቱ ግን የለም። ስንት ዘመን ለንደንን በሚኒካብ ታክሲ የዞርኩ ሰውዬ በአንተ አፕ ጠፋሁ!»

«የት ናችሁ?»

«ጉድሜይስ።»

«እኛ ሰፈር? የማን መርዶ ነው?»

ጋሽ አኑዋር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእታለማሁ። ደሴ ያለው ወንድሟ ባፈና ትናንት ዐረፈ። ቤት ቀይረዋል ሲባል ሰምተናል። ሰዉ ሁሉ ኪራይ ሸሽቶ ወደ ምሥራቅ እየመጣ አይደል? እነሱም መጡ ብለን ነው። ደውለን እንዳንጠይቅ፣ በዚህ ሰዓት ከደወልን ነገሩን ታውቀዋለች።»

ለሳዶቅ ነገሩ ወዲያው ነው የገባው። ባለፈው ሳምንት አፑን ሲያድስ፣ ሰዎች በስልክ ቁጥር መሀል የሚያስገቧቸውን ጭረቶች የሚያጠፋ ትእዛዝ ጽፎ ነበር። ትእዛዙ የስልክ ቁጥርንና የቦታ ቁጥርን አይለይም። ሳዶቅ የሞከረው ግን እዚሁ ጉድሜይስ፣ ጭረት በሌለበት ወገን ተቀምጦ ስለሆነ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎታል። ከዚያ ወዲህ ከመስመሩ ማዶ የተመዘገበው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ፅጌረዳ የገዛ በሯ ላይ ቆማ የላከችው። «እጠፋት» ያለችውን ከተማ ሳያውቅ አጥፏታል።

ጃኬቱን ደርቦ፣ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። ጥግ ላይ ጋሽ አኑዋር ከመኪናቸው ወርደው፣ ከባርኪንግ የመጡት ጋሽ ሳህሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሰፈሩ ነዋሪ እትዬ አልታየሽ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አፑ የጠራው የምሥራቁን ሰዎች ነው፤ ከሆሎዌይ አንድም ሰው አልተጠራም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሳዶቅ። «ቤታቸው ሆሎዌይ ነው።»

«ኧረ በአላህ! ከተማውን አቋርጬ ነው የመጣሁት እኮ!» አሉ ጋሽ አኑዋር።

«በል ጥፋትህን መኪና ውስጥ አስተካክለው» አሉ እትዬ አልታየሽ። «ሰው ቀድሞ በስልክ እንዳይነግራት ነው እኔ የምፈራው። ግባ።»

«እኔም?»

«ሆሎዌይ ስንጠፋ ማንን ልንጠይቅ ነው?»

«እትዬ፣ እሳቸው… እኔ በዚያ በር እንዳልገባ ምለዋል።»

«ሰምቻለሁ። ለንደን ውስጥ ያልሰማ የለም። ዛሬ በሩ የሚከፈተው ለመርዶ ነው፤ አማኝነትህን የሚመረምር የለም። ግባ፣ ልጄ።»

*

መኪናው ወደ ምዕራብ ሲከንፍ ሳዶቅ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ትእዛዙን አረመ፤ ጭረቷን ወደ ቦታዋ መለሰ። ቀይዋ ነጥብ ከጉድሜይስ ብድግ ብላ ሆሎዌይ ላይ ዐረፈች። የሆሎዌይ፣ የአርችዌይና የፊንስበሪ ፓርክ አባላት ስልካቸው አሁን እየጮኸ እንደሆነ ዐወቀ። ትንፋሹን ሳይለቅ የራሱም ስልክ ነዘረ።

«መልስ የለህም። እሺ። ገባኝ።»

ሊጽፍላት ስልኩን አነሣ። «እየመጣሁ ነው» ቢላት ደስ ይላታል፤ ያ ደስታ ደግሞ ውሸት ነው። «ጠብቂኝ» ቢላት ትደውላለች፤ ድምፁን ከሰማች ሁሉንም ታውቃለች። ጀመረና አጠፋው፤ ደግሞ ጀመረ።

«እሷ ናት?» አሉ እትዬ አልታየሽ።

«አዎ።»

«እንዳትመልስ።»

«ተወኝ ነው የምትለው፣ እትዬ።»

«ትበል። ለአንድ ጠዋት ብትቀየምህ ይሻላል። መርዶ በስልክ የሰማ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል።»

ሳዶቅ ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጉልበቱ ላይ ያለው ስልክ ሳይሆን የእሷ ፊት መሰለው፤ ከእሱ የዞረ ፊት። ሆሎዌይ መንገድ ሲደርሱ ሱቆቹ መዝጊያቸውን እያነሡ ነበር። ከተማው እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ይነቃል፤ በአንዲት ቤት ውስጥ ብቻ የመጨረሻው ያልታወከ ማለዳ ነው።

*

ሕንጻው ሥር መኪናው ቆመ። ጋሽ አኑዋርና ጋሽ ሳህሌ ኮታቸውን እያስተካከሉ ቀድመው ወረዱ፤ ሳዶቅ ተከተላቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ አልታየሽ ገና ከመኪናው አልወጡም። ሳዶቅ ቀና ሲል ሦስተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃ ተገለጠ።

ፅጌረዳ ነች።

መጀመሪያ እሱን አየችው፤ ፊቷ ኮስተር አለ። ከዚያ ጎኑ የቆሙትን ሁለት ሽማግሌዎች አየች፤ ኮታቸውን፣ ኮፍያውን፣ ጭምት አቋቋማቸውን። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳቀች። ሳዶቅ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም፤ ግሪኒች ላይ እንኳ እንደዚያ አልነበረም። ሳቋን ሊያቆመው እጁን ሊያነሣ ፈለገ፤ እጁ አልታዘዘውም። መጋረጃው ተመለሰ።

ደረጃው ላይ ስልኩ ነዘረ።

«ሙሽራው አብሮ አይመጣም እኮ፣ አንተ ጅል! ማን ነው ልማዱን ያስተማረህ? ቆይ ልብስ ልቀይር።»

ሳዶቅ ግድግዳውን ተደገፈ። በሕይወቱ ከደረሱት ደብዳቤዎች ሁሉ እጅግ ያማረው ይኼ ነበር፤ ደስታው ግን የእሱ አልነበረም። ያልደረሰበትን ደስታ ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። «ምነው ልጄ፣ ደከመህ?» አሉት ጋሽ ሳህሌ። አንገቱን ነቀነቀና ወጣ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጸጉሯን በጥድፊያ አስይዛዋለች። «እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ ግቡ…» አለች ለሽማግሌዎቹ ዝቅ ብላ። ዓይኗን ስታነሣ ሳዶቅን ፈለገች፤ ዓይኑ ውስጥ ግን የምትፈልገውን አላገኘችም። ያን ጊዜ ነው እትዬ አልታየሽ እያነከሱ ከኋላ ብቅ ያሉት። የነጠላው ጥለት አንገታቸው ላይ ነው።

ፅጌረዳ ነጠላውን አየች። ሳዶቅን አየች። «ማን?» አለች ከንፈሯ፣ ያለ ድምፅ።

ሳዶቅ ዓይኑን ሰበረ። ፅጌረዳም የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ እናቷ እንዳይሰሙ ትንፋሿን ዋጠች። ያቺን ትንሽ ዝምታ የተካፈሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም።

«ፅጌ፣ ማነው በጠዋቱ?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ ከውስጥ።

ገብተው ቆሙ። ወይዘሮ እታለማሁ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ መጡና እንግዶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«እታለማሁ፣ እስቲ ቁጭ በይ፣ እህቴ» አሉ ጋሽ አኑዋር።

አልተቀመጡም። «ባፈናን ነው?» አሉ።

ጋሽ አኑዋር አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ!» ጩኸታቸው ቤቱን ሞላው። ራሳቸውን መሬት ላይ ሊጥሉ ሲወረወሩ ቅርብ የነበረው ሳዶቅ ሁለት እጃቸውን ያዘ። ደረታቸውን ሊደቁ ታገሉት፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ እሳቸው እጁን ጨብጠው፣ ማን መሆኑን እንኳ ሳያዩ፣ ግንባራቸውን ክንዱ ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ሳዶቅም አብሯቸው አለቀሰ፤ ላላወቃቸው ለጋሽ ባፈና፣ በከንቱ ለተለበሰው ቢጫ ቀሚስ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከሆሎዌይ መጡ፤ ከአርችዌይ መጡ፤ ከፊንስበሪ ፓርክ ምግብ የያዙ ሴቶች መጡ። የሚያለቅስ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ቤቱ በሰው ተሞላ። ሳዶቅ የእያንዳንዳቸውን ነጥብ ያውቃል፤ ነጥቦቹ ፊት እንዳላቸው ያየው ግን ዛሬ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ ሳዶቅ ከጎረቤት ወንበር ተሸክሞ ሲገባ ፅጌረዳ መተላለፊያው ላይ አገኘችው። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«መልእክቶቼን አንብበሃቸዋል?»

«ሁሉንም።»

«ተውከኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ…» ዓይኗን ጠረገች። «ሶሪ። ያንን ሁሉ እያወቅህ ደረጃውን ወጣህ።»

«ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ።»

«እንኳን አልነገርከኝ» አለች። ጣቷን ወንበሩን በያዘው እጁ ላይ አሳረፈች። «እንኳን መጥተህ ዝም አልክ።»

«ፅጌ!» ከጓዳ በኩል የእናቷ ድምፅ ተሰማ፤ ከለቅሶ ብዛት ጎርንኗል። «ያ ልጅ ይምጣ። ወንበር የሚሸከመው።»

ወይዘሮ እታለማሁ ከሰዉ ገለል ብለው መኝታ ቤታቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሳዶቅ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ ነህ ጠዋት እጄን የያዝከኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ማን ልበል?»

«ሳዶቅ እባላለሁ።»

ወይዘሮ እታለማሁ ረጅም ጊዜ አዩት። ሳዶቅ ሊባረር እንደሆነ ገመተ፤ ቢያባርሩትም ይገባቸዋል ብሎ አሰበ።

«አልታየሽ ነገረችኝ። ቀድመህ ዐውቀህ፣ ልጄ መልስ እያለች ስትለምንህ አልነገርካትም።»

«አልነገርኳትም።»

«የፅጌ አባት አገር ቤት ሄዶ የሞተ ጊዜ በስልክ ነው የነገሩኝ። ሥራ ቦታ፣ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ። ብቻዬን ነበርኩ። እጄን የያዘኝ የለም። ዛሬ ግን…» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ዛሬ ቤቴ ሰው ሞላልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«ልጄ» ያሉት አፋቸው አምልጧቸው ይሁን ዐውቀው፣ ሳዶቅ ሊጠይቅ አልደፈረም።

«በባፈና ምዬ ነበር፤ በዚህ በር እንዳትገባ።»

«ዐውቃለሁ፣ እትዬ። አልተቀየምኩም።»

«የእሱን ስም ይዘህ ገባህ። ማን ያባርርሃል?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከእንግዲህማ የምምልበትም የለኝ።»

ሳዶቅ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አላራቁትም። እጃቸው ራሱ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ከባድና ሙቅ እጅ ነበረች።

«አርባው ይውጣ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ ለአባትህ ንገራቸው፤ ሽማግሌዎቻቸውን ይላኩ። እሺ አላልኩም። ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ሊወጣ ሲል መልሰው ጠሩት። ባበጠው ዓይናቸው ውስጥ፣ ከሐዘኑ ሥር፣ የሆነች ብርሃን ብልጭ አለች። «አንተ ግን አብረህ እንዳትመጣ። ሙሽራው አብሮ አይመጣም።»

ከበሩ ኋላ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ ተሰማ። ፅጌረዳ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ሳዶቅ ሌላ ወንበር ሊያመጣ ደረጃውን ሲወርድ ማንን እንደሚያመስግን አላወቀም። አምላኩን አመሰገነ። የእትዬ አልታየሽን ጉልበትና የጋሽ አኑዋርን መኪና አመሰገነ። ከዚያ አንድ ቀን እንኳ አይቷቸው የማያውቃቸውን፣ በሩን ከፍተውለት የሄዱትን ጋሽ ባፈናን ልቡ እስኪሞላ አመሰገነ፤ እንባውንም የዚያን ጊዜ አላበሰውም።